ከጎንደር ወዳጃ እስከ መካኒሳ

በአዲስ አበባ፣ ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በ2002 የመሠረቱት የዞማ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል አድጎ በ2019 በዚህ ግቢ ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግድግዳዎቹ ጭቃና ጭድ ናቸው፤ በላያቸው ላይ በእጅ የተሠራ ቅርጽ አለ። ኤልያስ በስፋት የታወቀበት ተከታታይ ሥራው ደግሞ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ በተሰበሰቡ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ የቁልፍ ገበታዎችና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎች የተሠራ ነው። ከሩቅ ለሚያየው የታረሰ ማሳ ወይም ከሰማይ የታየ ከተማ ይመስላል። ተመልካቹ በቀረበ ቁጥር ማሳው ይጠፋና በማያውቀው ሰው ጣት ሲነካ የኖረ ቁልፍ ከፊቱ ይደቀናል። በሽቦዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ ሥራው የሚለዋወጠው በተመልካቹ እግር ነው።

መስተጋብራዊ ዲጂታል ጥበብ የሚባለው ዘርፍ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። እዚያ ሥራው ራሱ ያያል፣ ይሰማል፣ መልስ ይሰጣል። ተመልካቹ እጁን ሲያነሣ ብርሃኑ ይቀየራል፤ ሲናገር ምስሉ ይናወጣል፤ ሲራመድ ድምፅ ይወጣል። የዘርፉን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ከማይረን ክሩገር ይጀምራሉ። ክሩገር ከባልደረቦቹ ጋር በ1969 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አንድ ጨለማ ክፍል አዘጋጀ፤ ወለሉ የእግርን ጫና ይለያል፣ በግድግዳው ዙሪያ የተዘረጉት ቱቦዎችም ያበራሉ። በ1970ዎቹ ደግሞ የሰውን ጥላ በካሜራ ይዞ ከኮምፒውተር ምስል ጋር የሚያጫውት ሥራ አቀረበ። ካናዳዊው ዴቪድ ሮክቢ በበኩሉ በ1986 በቬኒስ ቢያናሌ ያሳየው ሥራ የሰውን እንቅስቃሴ በካሜራ አይቶ እዚያው ወደ ድምፅ የሚለውጥ ነበር።

ይህ የታሪክ መስመር ስሕተት የለበትም፤ አጭር ግን ነው። ማሽኑ የተፈጠረበትን ቀን የጥበቡ ልደት አድርጎ ይቆጥራል። ወደ እኛ የሚመጡትን መዛግብት ተከትሎ ለሚሄድ ሰው መነሻው ሌላ ክፍል ነው፤ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ዕጣንና ቡና ያለበት የጎንደር ቤት። ያ ቤት ከኤሌክትሮኒክ ጥበብ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በምሳሌ ብቻ አይደለም። በመካከላቸው የሚታይ ድልድይ አለ፤ ድልድዩም ካይሮ ላይ ነው።

በ1931 ከዳካር የተነሣው በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ በ1932 ክረምት ጎንደር ገባ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ገጣሚ ነበር። እሱና ኢትዮጵያዊው ምሁር አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ለወራት የተመላለሱት መልካም አየሁ ወደምትባል ባለዛር ቤት ነው። ልጇ እማዋይሽም በማስታወሻዎቹ ውስጥ በስሟ ትገኛለች። አባ ጀሮም ያስተረጉማል፣ ይጠይቃል፣ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ሌሪስ የውሎውን ማስታወሻ ይይዛል። ማስታወሻው በ1934 በመጽሐፍ ታተመ። ሌሪስ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወደዚያው ቤት በሐሳብ ተመልሶ የጎንደርን ዛር ከቲያትር አንጻር የሚመረምር ሌላ መጽሐፍ አሳተመ።

ስለዚሁ ቡድን ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ከጎንደር ሲወጡ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥተው በምትካቸው ቅጂ ለጥፈው ሄደዋል። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። የመልካም አየሁን ቤት ያቆየልን ብዕር የዚያው ቡድን ብዕር ነው፤ መዝገቡን ስንጠቀምበት ይህን አብረን ይዘን ነው።

ወዳጃ በሚባለው የዛር ሥርዐት ሌሊት የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ዜማ አለው። ታማሚዋን የያዛት የትኛው ዛር እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ስለዚህ ከበሮ መቺውና ዘፋኞቹ አንዱን ዜማ ያነሣሉ፣ ፊቷን ያያሉ፣ ትከሻዋን ያያሉ። ካልተንቀሳቀሰች ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ራሷን ወዝወዝ ካደረገች እዚያው ላይ ይጸናሉ፣ ያፋጥናሉ፣ ጭብጨባውም ይጠነክራል። ጉሪ የሚባለው መንቀጥቀጥ ሲመጣ አካሏ በሙሉ ይናወጣል። ከዚያ ዛሩ በአፏ ይፎክራል፣ ስሙን ይናገራል፣ የሚሻውን ይጠይቃል፤ ሰዎቹም ይመልሱለታል፣ ይለማመጡታል፣ ይከራከሩታል። ሴትየዋ የዛሩ ፈረስ ትባላለች። አንዱ ዛር ሄዶ ሌላው ሲመጣ አኳኋኗ፣ ድምፅዋ፣ አነጋገሯ ሁሉ ይለወጣል። መልካም አየሁ ራሷ ብዙ ዛሮች ነበሯት፤ እንደየጉዳዩ አንዱ ወይም ሌላው ይናገርባት ነበር። ሌሪስ ይህን ሲያስረዳ ሰው ከልብስ ሣጥኑ እንደየሁኔታው እንደሚለብሰው በየጊዜው የሚነሡ ማንነቶች ናቸው ብሏል።

የ1958ቱ መጽሐፍ ዋና ሐሳብ በተዋናይ ተጠንቶ በሚቀርብ ቲያትርና ሰዎቹ ራሳቸው በሚኖሩት ቲያትር መካከል ያለው ልዩነት ነው። በጎንደሩ ቤት ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ የለም። የሚያጨበጭበው ሰው የሴትየዋን ጉሪ ያፋጥናል፣ የሴትየዋ ጉሪ የከበሮውን ምት ይመራል። ሌሪስ ራሱ ከዳር አልቀረም፤ መሥዋዕት አቅርቦ ከሥርዐቱ ገብቷል። ይህን ገጽ ከሮክቢ ሥራ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ለሚያነብ ሰው የአሠራሩ መመሳሰል ግልጽ ነው። በሁለቱም ቦታ የሰው አካል ሲንቀሳቀስ ድምፅ ይለወጣል፣ የተለወጠው ድምፅ ተመልሶ አካሉን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ዘንድ የሚያየው ካሜራ ነው፤ ሌላው ዘንድ ከበሮ መቺው ነው። ከበሮ መቺው ግን ካሜራው የሌለው ነገር አለው፤ ሴትየዋን ያውቃታል፣ ያዝንላታል፣ እንድትድን ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ዛርን አጥብቃ ታወግዛለች፤ እኔም ስለ እምነቱ ለመመስከር አልተነሣሁም። የምመዘግበው የአሠራር ዕውቀቱን ነው፤ ሰውነት ለድምፅ፣ ድምፅም ለሰውነት የሚመልስበት የተራቀቀ ዕውቀት ነበር።

ዛር በጎንደር ብቻ አልቀረም። አብዛኞቹ ጥናቶች መነሻውን ከኢትዮጵያ አድርገው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ዓረብ አገር እንደተሻገረ ይጽፋሉ። ካሻገሩት መካከል በባሪያ ንግድ ከአገራቸው የተነጠቁ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይገኙበታል። ኔዘርላንዳዊው ሊቅ ስኑክ ሁርግሮንዬ በ1880ዎቹ መካ ሳለ የዛርን ሥርዐት እዚያ አግኝቶ ጽፎታል። በካይሮም የሴቶች ሥርዐት ሆኖ ሥር ሰደደ። እነዚያ ሴቶች ንብረት አልያዙም፣ መጽሐፍ አልያዙም። የያዙት የምቱን ቅደም ተከተልና የሰውነቱን እንቅስቃሴ ነበር፤ እሱም ዐረብኛ ተናጋሪ ሆኖ ቀጠለ።

በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ወጣት ካይሮ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ተዋሰ። ትምህርቱ የእርሻ ምህንድስና ነው፤ ልቡ ግን ሙዚቃ ላይ ነበር። መሣሪያውን ይዞ የገባው የዛር ሥርዐት ወደሚካሄድበት ቦታ ነው። የሴቶች ሥርዐት ስለነበር ተሸፋፍኖ እንደ ገባ በኋላ ዘመኑ ተርኳል። የቀረጸውን ድምፅ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ወሰደው። እዚያ የገደል ማሚቶ በሚፈጥር ክፍል ውስጥ እያሰማ ደግሞ ቀረጸው፣ የክፍሉን ተንቀሳቃሽ ግድግዳ እየቀያየረ የድምፁን ርዝመት ለወጠ፣ የሴቶቹን ድምፅ መሠረታዊ ቃና እየቀነሰ ከላዩ የሚንሳፈፈውን ጥላ ብቻ አስቀረ። የዚያ ሥራ ርእስ የዛር አገላለጽ የሚል ነው፤ በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ በአንድ የሥዕል አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ። ከሱ የተወሰደ ሁለት ደቂቃ ያህል ቅንጭብ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በሲዲ ወጥቷል።

የተቀረጸ ድምፅን እየቆረጡና እየለወጡ ሙዚቃ የመሥራት ጥበብ አባት ተብሎ የሚጠራው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የመጀመሪያ ሥራዎቹን ያሰማው በ1948 ነው። ኤል ዳብ በአራት ዓመት ይቀድመዋል። ይህን ቀዳሚነት ዛሬ ብዙ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ይቀበሉታል፤ መቀበላቸውም ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው። በሥራው ላይ ያለው ስም የኤል ዳብ ብቻ ነው። ድምፁ ግን የሴቶቹ ነው፤ ቅርጹ፣ መፋጠኑ፣ መቋረጡ፣ መነሣቱ አንዲት ሴት ክፍሉ መካከል ስትንቀጠቀጥ ሌሎቹ እሷን እያዩ የሠሩት ነው። ኤል ዳብ በማሽን የሠራው ሁለተኛውን ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ሽቦው ላይ ሲደርስ አልቆ ነበር። ጎንደር ላይ መልካም አየሁና እማዋይሽ በስማቸው ተጠርተዋል። ካይሮ ላይ ማሽኑ ስም አገኘ፣ ማሽኑን የያዘው ስም አገኘ፣ ሰውነታቸው ሙዚቃውን የመራው ሴቶች ግን ከሥራው መለያ ውጭ ቀሩ። በኤሌክትሮኒክ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ይህ የመጀመሪያው መጉደል ይመስለኛል፤ ዘርፉ እስከ ዛሬ ይዞት እየዞረ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኢትዮጵያን የሚነካው በሩቅ ዝምድና ብቻ ይሆን ነበር። ኤል ዳብ ግን በ1950 ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን ሙዚቃ ጽፎ፣ በ1959 ከኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብቶ ከሠራ በኋላ፣ በ1962 አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ እስከ 1964 ቆየ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለጊዛ ፒራሚዶች የብርሃንና የድምፅ ትርኢት ሙዚቃውን ጽፏል፤ ሰውየው ማሽንን የማያውቅ የባህል አሳሽ አልነበረም፣ ድምፅንና ብርሃንን በአደባባይ ያጣመረ ሰው ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ግን ማሽን አልሠራም። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ በገናው፣ እምቢልታውና መለከቱ፣ ከየአካባቢው የመጡ ከበሮዎች፣ በየቤታቸውና በየአደባባያቸው ለየብቻ የኖሩ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ማሲንቆ የሚቃኘው ለባለቤቱ ጉሮሮ ነው፤ ዋሽንት በተቆረጠበት ርዝመት ይታሰራል። እነዚህን በአንድ ቃና ማስማማት የብዙ ወራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤል ዳብ ከሄደ በኋላ ጆን ኮ፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መርተውታል። በ1969 የተወሰኑ አባላቱ ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ዞረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ታዩ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበና ከእሱ ማሲንቆ የተማረው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ቻርልስ ሳተን በዚያ ጉዞ ነበሩ። ተስፋዬ ለማ ባይኖር ዛሬ ስለ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የምናውቀው እጅግ ያንስ ነበር፤ ይህን ስጽፍ በሙሉ አክብሮት ነው።

አክብሮቴ አንድ ነገር ከማየት አይከለክለኝም። አዝማሪ ቤት ውስጥ አድማጩ ተቀበል ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል፣ ያዞረዋል፣ በወርቁ ይመልስለታል። ሌላው አድማጭ ይጨምራል። በአንድ ሌሊት የተዘፈነው ዘፈን የቤቱ ሰው ሁሉ ድርሰት ነው። ኦርኬስትራው ማሲንቆውን ከዚያ ቤት አውጥቶ ክብር ሰጠው፣ ለዓለም አሳየው። መድረኩ ግን የራሱ ሕግ ነበረው፦ አድማጩ በጨለማ ይቀመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ያጨበጭባል። ተቀበል የሚለው ሰው ወንበር አገኘ፣ ድምፁን ግን አጣ። ዛርን በሽቦ የቀረጸው ሰው ማሲንቆንም በመድረክ ያጸናው እሱ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በሁለቱም ጊዜ ያዳነው ድምፁን ነው፤ በሁለቱም ጊዜ የላላው በድምፁና በተሰብሳቢው መካከል የነበረው ክር ነው። ያን ክር መልሶ ለማሰር ቀጣዩ ትውልድ ወደ ምስል ሄደ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል የቪዲዮ ጥበብ ባለሙያው ቴዎ እሸቱ ልዩ ቦታ አለው። በ1958 ለንደን የተወለደው ቴዎ የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ነው። ስለ አያቱ የሠራው ፊልም በ1997 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሠራው ሥራ አሁን በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሥዕል ክፈፍ ነው፤ ከክፈፉ በስተኋላ መስታወት የተደረደረበት ሣጥንና ቴሌቪዥን አለ። ተመልካቹ ራሱን ወደ ክፈፉ ሲያስጠጋ የቴሌቪዥኑ ምስል በመስታወቶቹ ተባዝቶ ክብ ዓለም ይሆናል፤ በዚያ ዓለም ላይ የኢትዮጵያ ክብረ በዓልና የባሊ ደሴት ጭፈራ ያልፋሉ፤ የተመልካቹም ፊት ተባዝቶ ከእነሱ መካከል ይታያል። ኮምፒውተር የለውም። ፊት ካልቀረበ ግን ሥራው ሙሉ አይሆንም። ቴዎ በ2009 ስለ አክሱም ሐውልት መመለስ የሠራውን ሥራ ደግሞ በ15 ስክሪኖች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሚተርከው የባህል ሥዕል አደራደር ዘርግቶታል፤ ዓይን ከሣጥን ወደ ሣጥን እየዘለለ ታሪኩን ራሱ ይገጣጥመዋል። ሐውልቱን በ1937 የፋሽስት ጦር ወስዶት፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 ቆሟል። አያቱ በመጽሐፍ ያደረጉትን የልጅ ልጁ ለተመልካች ዓይን ሰጠው፤ በዚህ ዘርፍ ካሉት ኢትዮጵያዊ ሥራዎች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህን ነው።

ሌላው በፍጥነት ይነገራል። ዴንማርካዊ አይስላንዳዊው ኦላፉር ኤሊያሰን በ2012 የበርሊን ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ጋር ሠርቷል፤ በ2015 ደግሞ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ኤግዚቢሽን አሳይቷል። የኤሊያሰን አንዱ የታወቀ ሥራ የተመልካቹን ጥላ በባለቀለም መብራቶች ከፋፍሎ ግድግዳ ላይ የሚያስጨፍር ነው፤ ሰው ከሌለ ግድግዳው ባዶ ነው። ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ በ2015 የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል የቪዲዮ ጥበብን ወደ አዲስ አበባ ተመልካች አቀረበ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ተናገረች። ዓይኗ ውስጥ ባለ ካሜራ የሰውን ፊት ተከትላ የምትመልስ ይህች ማሽን የተቀረጸችው ሆንግ ኮንግ ባለው የዴቪድ ሃንሰን ድርጅት ነው፤ በሶፍትዌሯ ላይ ከሠሩት መካከል ግን የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ነበሩ። ዓለም የሚያውቀው የሃንሰንን ስም ነው። በዚሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመስከረም 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የሳይንስ ሙዚየም ሲከፈት የዲጂታል ማሳያ ለብዙ የከተማው ሰው የሚጎበኝ ነገር ሆነ።

እነዚህን ሁሉ ተከትሎ ወደ መካኒሳ የሚመለስ የታሪክ ተማሪ የሚያነሣው ጥያቄ የማሽኑ ዕድሜ አይደለም። ካሜራና ድምፅ ማጉያ ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ላይ በማንም ወጣት ኪስ ባለ ስልክ ውስጥ አለ። እጅ ሲነሣ የክራር ክር የሚያሰማ፣ እግር ሲረግጥ ከበሮ የሚመታ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ሶፍትዌርና ብዙ ትዕግሥት ነው። የሚያሳስበኝ ሥራው ሲያልቅ የሚጻፈው ነው። ከኤል ዳብ የሽቦ ቅጂ ይልቅ የአባ ጀሮምና የሌሪስ ደብተር ለዚህ የተሻለ መምህር ነው፤ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ዘፈነ፣ በማን ላይ የትኛው ዛር እንደ ተነሣ፣ ማን እንደ መለሰለት በየዕለቱ ይጽፋል። በተመልካች እንቅስቃሴ የሚሠራ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው ከሠዓሊውና ከፕሮግራም ጸሐፊው ስም በታች፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ በዚያ ቀን ገብተው ሥራውን ያንቀሳቀሱትን ሰዎች ስም የሚይዝ መዝገብ በሩ ላይ ያስቀምጥ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያደረጉትንም ይጻፍላቸው።